እትብት የሚኖርበት፣ ባለእትብት የሚቀበርበት አገር

ትርንጎ ትናንት በቀትር፣ በሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ሕልም አየች። መውለጃዋ ደርሷል፤ ደምሽ አንሷል ስለተባለች ባሏ አያልነህ ደም የሚሰጥላት ሰው ፍለጋ ከወጣ ቆይቷል። አጠገቧ የተቀመጠችው ሽቅርቅር ልጅ ደግሞ የሕፃናትን የእትብት ደም በማቀዝቀዣ ለሚያስቀምጥ የግል ባንክ ደንበኛ ትፈልጋለች። «የሚያስብ ወላጅ ሁሉ ያስቀምጣል፣ እህቴ» ትላታለች ደጋግማ። ትርንጎ እሺም እምቢም የምትልበት አቅም አልነበራትም። በዚያው አሸለባት።

በሕልሟ ሐኪሞቹ እሷን ለማየት ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ዘበኛው «ዛሬ ደክሟታል፣ ነገ ተመለሱ» እያለ ይገፈትራቸዋል። አሳዘኗት፤ ቢሆንም አልተነሳችላቸውም።

ያቺ ልጅ ግን ሰልፉን ጥሳ ገባች። ትርንጎን ቀና ብላም አላየቻት፤ ሆዷ ፊት ተንበርክካ ጽንሱን ማግባባት ጀመረች።

«ጌታዬ፣ እናትዎን ያስቀምጡ። እናት የምትገኘው አንዴ ነው። የሚያስብ ልጅ ሁሉ አስቀምጧል።»

«ስፈልጋት ትመልሱልኛላችሁ?» አለ ከውስጥ፣ ድምፁ ቁርጥ አያልነህን።

«እስካሁን ፈልጎ የመጣ እምብዛም የለም። ግን ማስቀመጡ ራሱ ልብ ያሳርፋል።»

ማቀዝቀዣው በእግሩ እየተራመደ መጥቶ በሩን ከፈተ። ውስጡ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። «ጠጋ በሉላት» አለች አንዷ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

ወዲያው አማቷ ጓሮ፣ የአያልነህ እትብት የተቀበረበት ኮክ ሥር ደረሱ። እትብቱ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጥላው ሥር ተቀምጧል። ሻጯ ልጅ አካፋ ይዛለች።

«እኛ ዘንድ እትብት ይቀበራል» አለች ትርንጎ።

«እዚህ እትብት ይኖራል። የሚቀበረው ባለእትብቱ ነው» አለችና ሻጯ የትርንጎን ቁመት በዓይኗ ለካች።

ትርንጎ ፈራች። «ልጄ፣ እሺ እንዳትላት።»

«እማዬ፣ ሁሉም አስቀምጧል እኮ» አለና እጁን ለሻጯ ዘረጋ።

ነርሷ ትከሻዋን ነቀነቀቻት። «የኔ እናት፣ ተነሺ። ባልሽ ያመጣው ሰው ክብደቱ አልሞላም ተብሎ ተመልሷል። እኛም ጋ ደም የለም። ሌላ የሚሰጥልሽ ሰው አለሽ?»

ትርንጎ ዙሪያዋን ቃኘች። ልጅቷ እዚያው ናት።

«እህቴ» አለቻት፣ «የልጄን ደም ለከርሞ ታስቀምጪልኛለሽ። ለእኔ ለዛሬ አትሰጪኝም?»

«እኔ?» አለች ልጅቷ፣ ቦርሳዋን እየዘጋች። «እኔ እንኳ ደም ሳይ ያዞረኛል።»