የአያ ታደሰ ድመት አድራሻ

እኔ የምለው፣ ሰው በቪዲዮ ሲያወራችሁ ምስሉ ደርቆ ሲቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አፉ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኑ እንደተጨፈነ። ምስኪን፣ ያንን መልክ መርጦት አይደለም። አያ ታደሰ ግን መርጠውት ነው።

አያ ታደሰ ቁስቋም ሰፈር የአጥር ጎረቤቴ ናቸው፤ የፖስታ ቤት ጡረተኛ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ብቻቸውን ካልኩ ድመታቸው ትቀየመኛለች እንጂ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ሐኪም ናት። ደም ግፊት አለባቸውና በየቀኑ ምሳ ሰዓት በቪዲዮ እየደወለች «አባባ፣ ጨው ተውህ?» ትላቸዋለች። ካልተዉ መጥታ ልትወስዳቸው ምላለች። እሳቸው ደግሞ ከቁስቋም ተነቅለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መቀመጥን ገና ሲያስቡት ያማቸዋል።

ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ጥያቄው ሲመጣ ድርቅ ይላሉ። የጠቀለሉትን ጉርሻ አየር ላይ እንደያዙ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። ልጅቱ «ውይ፣ ይሄ ኔትወርክ!» ብላ ትዘጋዋለች። ኔትወርኩም እውነት ክፉ ስለነበር ማን ይጠረጥራል?

እኔ እንጀራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። የሰፈራችን መስመር ወደ አዲሱ አይፒ ሊቀየር ነው ስላቸው በጥያቄ አጣደፉኝ። አይፒ ማለት የኢንተርኔት አድራሻ ነው፣ አራተኛው የሚባለው የድሮው ቁጥር አልቆ ሰፈሩ በሙሉ አንድ አድራሻ ይጋራል፣ ምስሉም በቀጥታ መግባት ስላልቻለ በሌላ ደጅ ዞሮ ይመጣል አልኳቸው።

«አሃ! በኩል ነዋ!» አሉ። በእሳቸው ዘመን የዛሪማ ገበሬ የፖስታ ሣጥን ከየት ያመጣል? ደብዳቤው ላይ «በመምህር እገሌ በኩል» ተብሎ ይጻፍለት ነበር። መምህሩ ለክረምት አገሩ ከገባ ደብዳቤውም እዚያው ይከርማል።

አዲሱ ስድስተኛው ነው ስላቸው ደግሞ «ምነው አምስተኛውን ዘለላችሁት?» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አላውቅም ነበር። ቤቴ ገብቼ ፈለግሁ። ለካ ድምፅና ምስል እንዲያስተላልፍ ተሞክሮ ሳይስፋፋ የቀረ ነው። ስነግራቸው አዘኑለት። የስድስተኛው አድራሻ ግን የትየለሌ ነው፣ ለድመትዎ እንኳ ይደርሳታል ብዬ አጽናናኋቸው።

መስመሩ ተቀየረ። በማግስቱ ምሳ ላይ እሳቸው ቤት ነበርኩ። ስልኩ ጠራና የልጅቱ ፊት ጥርት ብሎ መጣ።

«አባባ፣ ጨው ተውህ?»

አያ ታደሰ እንደልማዳቸው ድርቅ አሉ። ድመቷ ከጀርባቸው ተነሣች፤ ተንጠራራች፤ ትከሻቸው ላይ ወጥታ ጉርሻውን ማሽተት ጀመረች። እኔ ሳቅ እንዳያመልጠኝ እጅጌዬን ነከስኩ።

«አባባ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ፤ «ድመቷ ስትንቀሳቀስ አንተ ምነው ቆምህ?»

አያ ታደሰ ከንፈራቸውን ሳያላውሱ፣ «እሷ የራሷ አድራሻ ደርሷታል» አሉ።

ልጅቱ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ ዛሬውኑ ጨው ከዚያ ቤት ይውጣ፣ አለዚያ ቅዳሜ መጥቼ እወስድሃለሁ አለች። እኔንም ጠባቂ አድርጋ ሾመችኝ። የጨው ዕቃውን ታቅፌ ወጣሁ።

አሁን ምስሉ ሸጋ ነው። አያ ታደሰም ደረታቸውን ነፍተው «ቤቴ ጨው የለም» ይላሉ። ውሸት አይደለም። ብቻ ስልኩ እንደተዘጋ ሳህናቸውን ይዘው አጥሬ ሥር ይመጣሉ። ሆዴ አልችል ይላል፤ ለእሷ እንዳትነግሩብኝ እንጂ፣ ቁንጥር ጨው በእኔ በኩል ይደርሳቸዋል።