ራሴን ላድን ብዬ ሰፈሩን ያስጨፈርኩበት ዓርብ

ሳቁብኝ፤ ፈቅጃለሁ! ግን እስከ መጨረሻው አንብቡና ሳቁ።

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ «ሙዚቃ ለማይግሬን ፍቱን ነው» የሚል ፖስት ላከችልኝ። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

እኔን ነው በሙዚቃ የምትመክሪው?!

ነገሩ የሆነው አስመራ ነው፤ ነጻነት የመጣ ሰሞን። እዚያው ዓኽርያ የሚባል ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ልብስ ሰፊ። የኛ ሰዎች አብዛኞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። ለምን ቀረህ በሉኛ!

ዘይነብ።

የጎረቤታችን የአቦይ ሳልሕ ልጅ። ቅዳሜ ሽማግሌ ልልክ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አባትየው ብቻ እንዳልሰሙ ሆነዋል፤ ወጉ ነዋ!

ዓርብ ማይግሬኔ ተነሳብኝ። ከግራ ዓይኔ ጀርባ ይወቅረኛል፤ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ሊያስመልሰኝ ይተናነቀኛል። ነገ ሽማግሌዎቹን ምሳ አብልቼ የምሸኘው እንዲህ ሆኜ ነው?

በኪራይ የምትኖር አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ፤ ታጋይ ነርስ። «በትግሉ ጊዜ ሜዳ ላይ ኪኒን ሲያልቅብን ራስ ምታቱን በክራር ነበር የምናስታግሰው» አለችኝ። «ቤትህን አጨልም፤ ቀስ ያለ ዜማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።» ቴፕና ካሴት አዋሰችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለችኝ። ልብ በሉ!

እኔ ምን አሰብኩ? ትንሹ ካሻለው ብዙው ቶሎ ያድናል! ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት፤ ራሴን በነጠላ ጠፍሬ ተጋደምኩ።

የመጀመሪያው ዘፈን ክራር ብቻ ነው። እውነት ለመናገር ለቀቅ አደረገኝ፤ ሸለብም አደረገኝ።

ሁለተኛው ጓይላ! ከበሮ እየተደለቀ ክብ ሠርተው የሚጨፍሩበት!

እንዳላጠፋው ቀና ባልኩ ቁጥር ክፍሉ ይዞርብኛል።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በዚያ ሰሞን ከሰው ቤት በጠራራ ፀሐይ ጓይላ ከተሰማ፣ ወይ ልጅ ከሜዳ ተመልሷል፣ ወይ ሰርግ አለ። ጥሪ የሚጠብቅ የለም፤ የሰማ ሁሉ ይገባል። እኔ ደግሞ ሜዳ የሄደ ዘመድ እንደሌለኝ ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ ሰርግ ነው!

መጀመሪያ በሩን በርግደው የገቡት አደይ ለተብርሃን ናቸው፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። ከበሮ አንግተው! «ዋእ! አቦይ ሳልሕ እሺ አሉ? እንቋዕ ደስ በለካ ወደይ! እንኳን ደስ አለህ ልጄ!» እልልል! ከኋላቸው ሰፈሩ ተከተለ። አልጋዬን መሐል አድርገው ይዞሩኝ ጀመር።

«አሞኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አፍሮ ነው እንጂ!» አሉኝ፤ ከበሮውን ወደ ራስጌዬ አስጠጉት።

ይባስ ብሎ አቦይ ሳልሕ! ከጁምዓ ሲመለሱ መንገደኛው ሁሉ እንኳን ደስ አለዎት ብሏቸው ኖሮ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ከች አሉ። ጭፈራው ቆመ። ቴፑ ብቻውን ቀጠለ።

«ኣንታ ወዲ ወሎ! ሳትጠይቅ ነው እንዴ የምትጨፍረው?»

ልመልስላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ቃል አይደለም። ያረፈውም ጫማቸው ላይ ነው።

ወይኔ ወገኖቼ! ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

እሳቸው ግን ሰው ናቸው። ጫማቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳቅ አመለጣቸው። «እንግዲህ ዓኽርያ ጨፍሮ ጨርሷል። አሁን እምቢ ብል ማን ይሰማኛል? ሰጥቻለሁ!»

እልልታው ቀለጠ። ራሴ እየፈረሰ እኔም በደስታ አለቀስኩ።

ያኔ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

ዘይነብ ናት። ገባች፣ ቴፑን አጠፋች፣ ማንንም ሳታይ ወጣች።

እውነቷን ነው! ለሽማግሌዎቹ ተናግሬያለሁ፤ ለሰፈሩ ተናግሬያለሁ። ለእሷ ግን ከ«እንደምን አደርሽ» ሌላ አንድ ቃል ተንፍሼ አላውቅም።

አቦይ ሳልሕም ዞር ብለው «በል መጀመሪያ እሷን ጠይቅ» አሉኝና ተከተሏት።

ራሴ በማግስቱ ተሻለኝ። በሯ ድረስ ሄጄ ስንት ቀን እንደተመለስኩ ግን አትጠይቁኝ። ድፍረቱን ሳገኝ ስምንት ወር አልፏል፤ ሌላ ሰው ጠይቋት፣ እሷም እሺ ብላው ነበር።

ማይግሬኑን ተዉት፤ እሱስ ተኝተው ያሳልፉታል። ከምሬ ነው የምጠይቃችሁ፦ ለፈሪ ሰው የሚታዘዝ ዘፈን የለም?