በጥር የገባው እንቁጣጣሽ

በአሰብ ሙቀት የደጋ ወቅት የሚጠብቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የዚያን ጊዜ ጎረቤቴ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ጋሽ ተሰማ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሐምሌ ላይ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ፣ «ዘንድሮ ክረምቱ ከበደ» ይለኛል። የቱ ክረምት? ጠብታ እንኳ አላየንም።

የጭነት መኪና ሹፌር ወዳጁ ከወሎ ባመጣለት ዘር፣ ግቢው ውስጥ አደይ አበባ ዘርቶ ነበር። መስከረም አንድ መጣ፤ አበባ የለም። «እንግዲያው ዓመቱ አልገባም» ብሎ በጉን ሳያርድ ቀረ።

ጥር ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል አደዩ ፈነዳ። ጋሽ ተሰማ ነጭ ለብሶ፣ አበባ ታቅፎ በራችንን አንኳኳ።

«እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ።»

ባለቤቴ አንዴ አበባውን፣ አንዴ የግድግዳውን ካላንደር አየች። ከዚያ ካላንደሩን አወረደችው።

እኔስ ምን ልበል? «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩ። መስከረም ላይም ይህንኑ ብዬ ነበር። በዚያ ዓመት ስንቴ እንዳረጀሁ እስካሁን አላውቅም።