ጠበል ይዞ ሲኒማ መግባት

በዚህ ዓለም ላይ የሰውን ክፋት ከሰውየው ቀድሞ የሚያውቅ ፍጡር ቢኖር የቦሌ በር ፈታሽ ነው። እናንተ ገና የት ልቀመጥ ብላችሁ ስታስቡ፣ እሱ ምን ልታጠፉ እንደመጣችሁ አውቆ ጨርሷል። ይህን የምላችሁ ባለፈው ቅዳሜ ደርሶብኝ ነው። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ መክሊት ናት። ሲኒማ እንግባ ያለችውም እሷው ስለሆነች፣ አሁን አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ጠዋት ቦሌ መድኃኔዓለም ተሳልሜ ጠበሌን ጠጣሁ፤ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘነቡም በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቀዳሁላት። እትዬ ዘነቡ ወሎ ሰፈር ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ሰባት ቀን ጠበል ልትጠጣ ጀምራ ስድስቱን ጨርሳለች። የቀራት የማግስቱ፣ ሰባተኛው ብቻ ነው፤ እሱ ከቀረ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። እንግዲህ ቦርሳዬ ውስጥ የእህቴን ጉልበት ይዤ እየዞርኩ ነው በሉት።

መክሊት ቁርስ ጋብዛ ጥግብ ካደረገችኝ በኋላ፣ "እምዬ፣ አንድ ፊልም አይተን ጠበሉን እናድርስላት" አለች።

"ስለ ምንድን ነው?"

"ስለ ወደፊት። ፖሊሶቹ ሰውየው ወንጀል ሳይሠራ ቀድመው ያውቁና ይይዙታል።"

"በምን ያውቃሉ?"

"በማሽን። የልብ ትርታውን ከሩቅ ይሰማና 'ይሄ ሰውዬ ሐሙስ ይገድላል' ይላል።"

እኛ ሰፈር፣ ሩዋንዳ፣ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ሦስት ጎረቤቶች አሉኝ፤ ያውም መብራት ጠፍቶ። ግን ልጅቷ ቲኬት ቆርጣለች፤ ምን ይደረግ... ሄድን።

በሩ ላይ የምትፈትሸው ሻሽ ያሰረች ልጅ ቦርሳዬን ከፍታ ጠርሙሷን አወጣች።

"እማማ፣ ይቅመሷት።"

"ጠበል ናት፣ ልጄ።"

"ጠበል ከሆነች ምንም አታደርግዎትም። ፈሳሽ የያዘ ሰው ሳይቀምስ አይገባም።"

መቼም ጠበል በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። የእኔ ሆድ ውስጥ ደግሞ አንድ ትሪ ፍርፍር ተኝቷል።

"በልቻለሁ" አልኳት።

"እንግዲያው እዚህ ቅርጫት ውስጥ ይድፉትና ይግቡ።"

"ጠበል ቆሻሻ ላይ አልደፋም።"

"አይቀምሱ፣ አይደፉ... ታዲያ ምን ሊያደርጉበት ነው ያሰቡት?" አለችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

እንመለስ ብንላት፣ የተጠረጠረ ዕቃ አለቃዋ ሳይመጣ እንደማይለቀቅ ነገረችን። ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ደረጃ ስወጣ ሁለቴ አርፋለሁ። ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሳልነካ የኖርኩት ቦሌን ለዚያች ቅዳሜ ላጋያት ኖሯል። የልብ ትርታ የሚሰማውን ማሽን ውስጥ ገብተን እናያለን ብለን ነበር፤ እሱ ግን ሻሽ አስሮ በሩ ላይ ጠበቀን።

መክሊት ልትቀምስልኝ አትችልም፤ ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። ወደ ሰልፉ ዞር ብላ፣ "እባካችሁ፣ ከእናንተ መካከል ያልበላ አለ?" ብላ ጠየቀች።

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም" አለ አንድ ጎልማሳ፣ ፈንዲሻውን እያኘከ።

በመጨረሻ ከሰልፉ ጭራ አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። "እኔ እስከ ስምንት ሰዓት አልበላም። ዳይት ላይ ነኝ።"

በዚያ ሁሉ ማተብ ያሰረ ሕዝብ መካከል ባዶ ሆድ የተገኘው ለወገብ ሲባል ነው። ተመስገን ነው እንጂ ምን ይባላል። ልጅቷ ጠርሙሷን ተቀብላ ትንሽ አመነታች።

"ካሎሪ አለው እንዴ፣ እማማ?"

"በረከት ነው ያለው።"

አማተበችና አንድ ጉንጭ ጠጣች። ፈታሿ ትወድቅ እንደሆነ ዓይን ዓይኗን አየቻት። አልወደቀችም። ገባን።

ፊልሙስ ትሉኝ ይሆናል። ፖሊሶቹ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ከተኛችበት ቀስቅሰው፣ "ሐሙስ ባልሽን ትገድያለሽ" ብለው ይዘዋት ሄዱ። ባልየው አጠገቧ ያንኮራፋል። ያን ማንኮራፋት ሰምቼ፣ እስከ ሐሙስ ልትታገሠው ማሰቧ ነው የገረመኝ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያያል፤ እኔ ጠርሙሴን ታቅፌ ክዳኗን በየደቂቃው እዳብሳለሁ።

ስንወጣ በቀጥታ ወሎ ሰፈር። እትዬ ዘነቡ ጠርሙሷን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አንስታ አየቻት።

"ጎድላለች።"

ስለ ፈታሿም፣ ስለ ዳይቷ ልጅም፣ ስለ ሰልፉም አንድ በአንድ ነገርኳት። ስጨርስ ጎንበስ አለችና ከአልጋዋ ሥር ሌላ ጠርሙስ አወጣች፤ እስከ አፉ የሞላ።

"ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?"

"ጎረቤቴን ልኬ አስቀዳሁ። ከመክሊት ጋር መውጣትሽን ስሰማ አንዱ ጋ እንደምትጥዪው ገባኝ።"

"አልጣልኩትም እኮ፣ እትዬ። ይኸው እጅሽ ላይ ነው።"

"ልትጥዪው ነበር" አለች፣ የእኔን ጠርሙስ ወዲያ ገፋ አድርጋ።

ማሽን ቢሆን ይግባኝ እል ነበር። በታላቅ እህት ላይ ይግባኝ የሚቀበል ችሎት ስላላገኘሁ፣ ላልጣልኩት ጠበል ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።