ለፓምፑ የራሱ መስመር

«ኤሌክትሪክ አላውቅም» የሚል ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አንድ ጊዜ አምፖል የቀየረ ወንድ ሁሉ መሐንዲስ ነው! ጎባ ውስጥ ካሉት መሐንዲሶች ደግሞ አንዱ እኔ ነኝ።

ባለቤቴ አልማዝ ምድር ቤታችን ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ምድር ቤቱ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። ለገብስ ማከማቻ ብለው ያስቆፈሩት፣ ከጦሩ ጋር ከሸዋ መጥተው እዚህ የሰፈሩት ቅድመ አያቴ ናቸው። የአገሩ ሽማግሌ «ጌታዬ፣ እዚህ አይቆፍሩ፤ ቢሻን አለ፣ ውሃ» ቢሏቸው «ባሌ ድረስ የዘመትኩት ውሃ ልፈራ ነው?» አሉ ይባላል። ተቆፈረ። ክረምት ሲገባ ገብሱ እዚያው እንደተቀመጠ በቀለ። ቤተሰባችን ግን ይኸው እስከ ዛሬ «ጎባ ላይ መጀመሪያ ብቅል ያበቀሉ እሳቸው ናቸው» እያለ ይኮራል...

ታዲያ ፀጉር የሚታጠብበት ላቫንዲኖ ከመንገዱ ቱቦ በታች ስለሆነ እጣቢው በራሱ አይወጣም። አልማዝ በባልዲ ታወጣው ነበር። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ስትሆን ግን ባልዲ መሸከሙ ቀረና ፓምፕ ገዛሁ። እጣቢው ወለሉ ውስጥ በተቀበረ በርሜል ይጠራቀማል፤ በርሜሉ ሲሞላ ፓምፑ በራሱ ተነስቶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

የሰፈራችንን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኦቦ ከድርን አማከርኳቸው። የእኚያ «ውሃ አለ» ያሉት ሽማግሌ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። ረጋ ብለው አስረዱኝ። ፓምፑ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ የመሬት ሽቦ ይግባለት፤ ሶኬቱ ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከሌላ ዕቃ ጋር አይጋራ፣ በተለይ ከካስኩ ጋር። ካስክ ያው ሴቶች ጭንቅላታቸውን ከተው ፀጉር የሚያደርቁበት ነው፤ መብራት ሲበላ አይጣል ነው።

አመስግኜ ሸኘኋቸውና ፓምፑንና ካስኩን በአንድ ዲቫይደር ሰካኋቸው። ዲቫይደሩን ከፍ አድርጌ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ከምክራቸው የሰማሁት ያቺን ብቻ ነው። ምን ላድርግ፣ መሐንዲስ ነኝ አልኳችሁ እኮ!

ደንበኛ ስላልበዛ ሁለቱ አንድ ላይ ሳይነሱ ሁለት ሳምንት በሰላም አለፈ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው...

ከዚያ ሙሽራ መጣች። የማን ልጅ ብትሆን ጥሩ ነው? የኦቦ ከድር! ኒካው የሚታሰረው ሰባት ሰዓት ነው። ሚዜዋ ካስክ ውስጥ ገብታለች፤ ሙሽራዋ ሀያት ላቫንዲኖው ላይ ተንጋላ ጭንቅላቷ አረፋ ብቻ ሆኗል። በርሜሉ ሞላ፣ ፓምፑ ተነሳ፣ ቷ! ብሬከሩ ወረደ። ቤቱ ጨለመ። ደረጃውን ሮጬ ወጥቼ ብሬከሩን አነሳሁት። ሳልወርድ እሱ ወረደ። አራት ጊዜ እኔ ሳነሳ እሱ ሲወርድ፣ አልማዝ ደግሞ አረፋውን ለማስለቀቅ ውሃ ስታፈስ፣ በርሜሉ ገንፍሎ ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። የሚዜዋ ጫማ ተንሳፍፎ በር ላይ ቆመ። ሀያት ዓይኗን እንደጨፈነች «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማልቀስ አማረኝ።

ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡት ኦቦ ከድር በአዲስ ኮታቸው በሩ ላይ ቆመው አዩን። አልተቆጡም። ብሬከሩን አወረዱ፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገብተው የካስኩን ሶኬት ነቀሉ፤ ተመልሰው ብሬከሩን አነሱ። ፓምፑ አጉረመረመና ውሃውን ይመጥጠው ጀመር።

«እንግዲህ ምረጥ» አሉኝ። «ወይ ወለሉ ይደርቃል፣ ወይ ፀጉሯ።»

ፀጉሩ ግቢ ውስጥ ደረቀ። ከላይ የሰነቴ ተራራ ንፋስ፣ ከጎን እኔ በሰፌድ እያራገብኩ! የአገር አቅኚው የልጅ ልጅ ልጅ ሙሽራ ሲያራግብ ዋለ። ሀያት አሥር ደቂቃ ሲቀራት ደረሰች። ፀጉሯ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ደግነቱ ሻሽ ይደረግበታል።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ሠርጉ ሲያልፍ ኦቦ ከድር ለፓምፑ የራሱን መስመር ዘረጉለት፤ እኔ መሰላል ያዝኩ። ሲጨርሱ አቧራቸውን አራግፈው ወደ አልማዝ ዞሩ።

«ቅድመ አያቴ ለቅድመ አያቱ ነገሩ፤ አልሰሙም። እኔ ለእሱ ነገርኩ፤ አልሰማም። ልጄ፣ ሆድሽ ውስጥ ላለው ከአሁኑ ንገሪው።»

አልማዝም በየቀኑ ትነግረዋለች፤ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር እያለች። እሱ ግን በእግሩ ይጠልዛታል። የእኛ ዘር መሆኑ አያጠራጥርም።