የልጅ ይልማ ብስክሌትና የእኔ ኮርቻ

ሰው ከሰው ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ከቆዳ ኮርቻ ጋር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አዲስ ኮርቻ ባዕድ ነው። ይገፋል፣ ይቆነጥጣል፣ ውረድልኝ ይላል። ታግሣችሁ ከሰነበታችሁበት ግን እዚህ ጋ ይጎደጉዳል፣ እዚያ ጋ ያብጣል፤ ውሎ አድሮ እናታችሁ እንኳ የማታውቀውን ገመናችሁን አውቆ ዝም የሚል ወዳጅ ይሆናችኋል።

የእኔው ከጣሊያን ዘመን የተረፈ ብስክሌት ላይ የነበረ ነው። ብስክሌቱ ዝጎ፣ እየተሰበረ ሲበየድ ኖሯል፤ ኮርቻው ግን ዕለት ዕለት ያምርበታል። ሁዳዴ ሲገባ ከቤት የተረፈውን ቅቤ የማበላው እሱን ነው። አጎቴ መሪጌታ፣ በቤታችን ጾም የሚገድፈው ይህ ኮርቻ ብቻ ነው እያሉ ሲያፌዙ ከረሙና በመጨረሻ፣ ክርስትና ስላልተነሣ ጾሙ አይመለከተውም ብለው ፈረዱለት።

አሁን ስለ ልጅ ይልማ ላውራችሁ። የፊታውራሪ ልጅ ነው። ኮሌጅ አብረን ነበርን፤ አልጋችንም ጎን ለጎን ነበር። ስንጨርስ ለአንድ ተማሪ ውጭ አገር ሄዶ የመማር ዕድል መጣ። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርሁ። የሄደው እሱ ነው። ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ጎንደር ተመለስሁና አስተማሪ ሆንሁ። ይህን በደል ያላወራሁት ሰው በከተማው የለም፤ ያልሰማችሁ ብትኖሩ እናንተ ብቻ ናችሁ።

ከዓመታት በኋላ ልጅ ይልማ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኖ በእኛው ላይ ተሾመና መጣ። ከዕቃው ጋር አንድ የእሽቅድምድም ብስክሌት ይዟል። አቤት ብስክሌት! ቀይ፣ እንደ ሸምበቆ የቀለለ፣ መሪው እንደ ሙክት ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ። በአንድ እጄ አነሣሁት። የማልዋሽ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን በደሌን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ጉድለቱ መቀመጫው ነበር። እንደ ጩቤ የቀጠነ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር። በአስፋልት አገር ይመች ይሆናል፤ የእኛ ኮረት ላይ ግን ልጅ ይልማ ከቀሐ እስከ ፒያሳ ወጥቶበት፣ በማግስቱ ቢሮው ውስጥ ወረቀት የፈረመው ቆሞ ነው። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኝ። ኮርቻዬን በመዳፉ ዳበሰና «ሸጋ ኮርቻ ነው» አለኝ።

አለቃ የበታቹን ዕቃ ሸጋ ነው ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መሥሪያ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዞዬን ወሰደ፣ አለቃዬ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ኮርቻዬን! እምቢ ብል ዝውውሬ ወደ ሩቁ ቆላ፣ ወደ አዲ አርቃይ እንደሚሆን ታየኝ። ይውሰዱት አልሁት፤ ራሴው ልግጠመው ብዬም የእሱን ብስክሌት ቤቴ ወሰድሁ። ለምን እንዳልሁት እንጃ። አንድ ጊዜ በእጄ ላደርገው ፈልጌ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ ፈታሁት። የኮርቻዬ ቱቦ ቀጭን፣ የብስክሌቱ ቀዳዳ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ጠፍር ጠቀለልሁበትና አጠበቅሁት፤ ስቀመጥበት ኮርቻው ዞሮ አፍንጫው ወደ ኋላ ሆነ። ፈታሁ። የሰርዲን ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጬ፣ በመዶሻ አለስልሼ፣ በቱቦው ዙሪያ ጠመጠምሁና ገፋሁት። ጥርቅም ብሎ ገባ። ብሎኑን አጥብቄ በሁለት እጄ ታገልሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ያ ጥቁር ቆዳ በቀዩ ብስክሌት ላይ ጉብ ብሎ ሳየው ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርሁት። ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነበር። ያ ሰው ልጅ ይልማ አልነበረም።

ሊወስደው ሲመጣ አንድ ብልሃት ታየኝ። በአባቱ ቤት፣ አዲስ ኮርቻ በተጫነች በቅሎ ላይ ጌታው አስቀድሞ አይወጣም፤ መጀመሪያ አሽከር ይሞክራታል። ኮሌጅ ሳለን አንተ እንባባል ነበር፤ አሁን አንተ የሚለው እሱ ብቻ ነው። «ቆርቆሮው ቢሸሽ አደጋ ነው፤ መጀመሪያ እኔ ልሞክርልዎ፤ እንደ አሽከር ይቁጠሩኝ» አልሁት። ነገሩ ደስ አለው። በአሽከርነት የኮራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤቴ የአዘዞ መንገድ ከሚጀምርበት ጉብታ ላይ ነው። እስከ መታጠፊያው ብቻ ብዬ ነበር የወጣሁት። ቁልቁለቱን ስይዝ ግን ነፋሱ ኮቴን እንደ ስልቻ ነፋው፤ ጎማው በጠጠሩ ላይ ይዘምራል፤ ማርሽ በጨመርሁ ቁጥር ብስክሌቱ ከሥሬ ይዘላል፤ ኮርቻው ያው የጥንቱ ወዳጄ ነው፣ ወዴት እንደማዘነብል ከእኔ አስቀድሞ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስደርስ ወርጄ መሳለም ነበረብኝ፤ አርባ አራት ታቦት ባለበት አገር በየደጃፉ የሚወርድ ሰው ግን ብስክሌቱን ቢተወው ይሻለዋል። ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ ይቅር በለኝ ብዬ አለፍሁ። መንገድ ዳር በቅሎ የሚስቡ ሽማግሌ ከሩቅ አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

በአገራችን ሰው ያለ ክፉ ወሬ እንዲያ አይሮጥም። «ማንም አልሞተም፣ አያ!» አልኋቸው። «ታዲያ ምነው?» ያሉት ከኋላዬ ቀረ። እየሳቅሁ ነበር።

ከአዘዞ ስመለስ ፀሐይ ልትገባ ምንም አልቀራት። ልጅ ይልማ በሬ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ተቀብሎኝ ወጣበት። ኮርቻዬ ሲሄድ ላለማየት ፊቴን አዞርሁ። ግን ብዙም አልሄደም፤ ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ተጨማድዶ ተመለሰ። ቆዳው በእኔ ልክ ጎድጉዶ፣ በእኔ ልክ አብጦ፣ ለእሱ ከዚያ ጩቤ የባሰ ሆኖበታል። ይህን አስቀድሜ አላሰብሁትም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ኮርቻዬን ልፈታ መፍቻዬን አነሣሁ። እጄን ያዘኝ።

«ተወው። ከዚህ ሆኜ ስትበርር አይቼሃለሁ። ብስክሌቱ እኔ ጋ ተሰቅሎ ይዝጋል። እሱንም ውሰደው።»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልሁት። ቃሉ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። እሱም ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የበደለ ሰው ደግ እንዳይሆን የሚከለክል ሕግ ቢወጣ ምን ነበር? ጉዞዬን የወሰደብኝ ጊዜ ቢያንስ ቂሜን ትቶልኝ ነበር፤ አሁን እሱንም ሊወስደው መጣ። ከተማው በደሌን እያዳመጠ ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር፤ ዛሬ የሚጠይቀኝ ስለ ማርሹ ነው። እኔ ግን ቂሜን አልተውሁትም። ከአዘዞ ስመለስ፣ ዳገቱ ሲጀምር በደሉ አንድ በአንድ ትዝ ይለኛል፤ ፔዳሉን የምረግጠውም በእሱ ጉልበት ነው። ቁልቁለቱ ላይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሰውየው ስም እንኳ ይጠፋኛል።