ለልቦለድ ብዬ ያነበብሁት የአፈር መጽሐፍ

ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ልቦለድ ብቻ ካነበበ አለቀለት። ይህን የምላችሁ ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ድርሰቴን ያነበበ አንድ የደብረ ማርቆስ ወዳጄ፣ ገበሬህ ጤፍ የሚዘራው በጥቅምት ነው እንዴ ብሎ ሰው መሐል መሳቂያ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ያላገላበጥሁት ነገር የለም፤ የውርስ ሕግ በሉት፣ የከብት በሽታ በሉት፣ የሬሳ ምርመራ ሳይቀር። ይህን የመጨረሻውን ባለቤቴ ትራሴ ሥር አግኝታው ሁለት ቀን ሳሎን አስተኝታኛለች።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ስለ አፈር የተጻፈ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው። አትሳቁ። የምጽፈው መሬቱ እምቢ ስላለው ገበሬ ነበር፤ ገበሬው ደግሞ የተቀዳው ከአጎቴ ከአያ ታፈረ ነው። አያ ታፈረ ሮብ ገበያ አጠገብ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ያለች ማሳቸው ገብስ መስጠት ካቆመች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ስንዝር ሳይሞላ ይቀራል። ምክንያቱን እሳቸው አልተጠራጠሩም። አንድ ክረምት ዝናቡ አስቸግሯቸው በወርኃዊው ሚካኤል በሬ ጠምደው አርሰዋል። ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ፣ ንስሐ ተቀበሉ፣ ንስሐው ካለቀ በኋላም በገዛ እጃቸው ጨምረው በዚያ በታመመ ጉልበት ይሰግዱ ነበር። ገብሱ ግን ያው ነው።

እኔም እየሄድሁ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ልጠይቅዎ ብዬ ነው እላቸዋለሁ፤ ልቀዳቸው ነበር። ሲነሡና ሲወድቁ ጉልበታቸው የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

መጽሐፉን ያነበብሁት በግንቦት ነው። ዝናብ የሚበዛበት የደጋ አፈር እየቆየ እንደሚኮመጥጥ፣ ሥሩን እንደሚያቀጭጭ፣ ቡቃያውን ቢጫ እንደሚያደርግ፣ የተፈጨ ኖራ ቢበተንበት ደግሞ እንደሚያገግም ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። በደስታ ከወንበሬ ተነሣሁ። ለምን መሰላችሁ? ምዕራፍ ሰባት ተገኘልኝ! አያ ታፈረ ትዝ ሳይሉኝ ቀርተው አይደለም። ትዝ ያሉኝ እንደ ገጸ ባሕሪ ነው።

በሐምሌ፣ ይህ መሬት ከእንግዲህ እህል አያይም ብለው ማሳውን በባሕር ዛፍ ሊሸፍኑት ቆረጡ። ችግኙን ተሸክሜ አብሬ ተከልሁ። ጉድጓድ ሲምሱ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን ማየት ነበረብኛ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ምዕራፉን ላነብላቸው ሄድሁ፤ የሳትሁት ካለ እንዲያርሙኝ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ስለነበሩ ቃል አያመልጣቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆይተው ኖራው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ይኸ እውነት ነው ወይስ ያንተ ፈጠራ?»

«እውነት ነው።»

«መቼ አወቅኸው?»

መዋሸት እችል ነበር፤ እንጀራዬ እሱ ነው። «ካቻምና ግንቦት» አልኋቸው።

በበሩ አሻግረው ባሕር ዛፉን አዩት። ከሰው ቁመት አልፏል። ያንን ነቅሎ መሬቱን መልሶ ማሳ ማድረግ ጉልበት ይጠይቃል፤ የእሳቸውን ጉልበት ደግሞ ስግደቱ ጨርሶታል። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርሁ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ሰውየው በመጨረሻ ምን ይሆናል አሉኝ። ኃጢአቴ ነው እንዳለ ይሞታል፤ ኖራውን አንባቢው እንጂ እሱ አያውቅም፤ ሆድ የሚያባባውም ይኸው ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

«እንግዲያውስ ለሱ እንኳ ንገረው» አሉኝ።

ነገርሁት። መጨረሻውን እንዳለ ለወጥሁት፤ ሰውየው ኖራውን በተነ፣ ገብሱ አሸተ፣ እሱም ስግደቱን ለጸሎት ብቻ አደረገው። ረቂቁን ለዚያው ለጤፉ ወዳጄ ሰጠሁት። አንብቦ ሲመልስልኝ በጣም አመሰገነኝ፤ ዘንድሮስ ግብርናውን አውቀኸዋል አለኝ። መጨረሻው ግን አላሳመነውም። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ሮብ ገበያ ድረስ ሄዶ ለገበሬው ማን ይነግረዋል ብለህ ነው አለኝ።